ተባራሪ ጥይት ባለቤት አለው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ለጋዜጣ ደብዳቤ ፅፌ አላውቅም፣ ግን ይሄን ጉዳይ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ፣ ስለዚ ከረዘመ ይቅርታ አድርጉልኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ከተቻለም አውጡት።

የምኖረው አራዳ ነው፣ ከሰባ ደረጃ ብዙም አይርቅም። ግቢያችን የድሮ ግቢ ነው፣ ግድግዳው ጭቃ ጣራው ቆርቆሮ፣ ማድ ቤቱማ ዙሪያውን ቆርቆሮ ብቻ ነው። የዛሬ ዓመት በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሌሊት ሁለቴ ሲንጣጣ ሰማንና ሁላችንም ርችት ነው ብለን ተኛን። ጠዋት እህቴ ቡና ልታፈላ ማድ ቤት ስትገባ ቆርቆሮው ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አየች፣ ፊት ለፊቱ ያለው የጭቃ ግድግዳ ላይ ደሞ ሌላ ቀዳዳ፣ ከግድግዳው ወዲያ የልጇ አልጋ ነው ያለው፣ አረሩ የአልጋው ራስጌ እንጨት ላይ ተሰክቶ አገኘነው። ልጁ ያን ሌሊት የተኛው እኔ ጋ ነበር፣ የበዓል ዋዜማ ስለሆነ አጎቴ ጋ ልደር ብሎ አልቅሶ ነው የመጣው። እህቴ ያን ቀን ሙሉ ስትንቀጠቀጥ ነው የዋለችው።

የተኮሰው ጎረቤታችን ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ በእድራችን ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ደርሶ ድንኳን የሚተክል ሰው ነው፣ ሽጉጡም ፈቃድ አለው። አጥር ላይ የወጣ ሌባ አይቶ አንዴ ወደ ሰማይ አንዴ ወደ ሌባው ተኮሰ፣ ሌባው ዘሎ ወርዶ አመለጠ፣ ጥይቷ እኛ ቤት ገባች። ሽማግሌ ይዞ መጥቶ እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀን፣ እኛም ይቅር አልነው፣ የህጉ ጉዳይ በራሱ መንገድ እየሄደ ስለሆነ ስለሱ ምንም አልልም። ግን ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ በር ላይ ቆሞ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው ይሄን ሁሉ የሚያፅፈኝ። «ወንድሜ፣ ሰውነት ውስጥ የሚቀር፣ በሌላ ወገን የማይወጣ ጥይት አለ ይላሉ፣ እሱን ባጎርሰው ኖሮ ይሄ አይደርስም ነበር?» አለኝ።

የጠየቀኝ እኔም ሽጉጥ እንዳለኝ ስለሚያውቅ ነው። የአባቴ ማካሮቭ ነው፣ እሱ ሲያርፍ አስመዝግቤ በስሜ ፈቃድ አውጥቼበታለሁ። እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልስ አልነበረኝም። ይሄን ያህል ዓመት ሽጉጥ ይዤ አንድም ቀን ስለ ጥይቱ አስቤ አላውቅም፣ ጥይት ጥይት ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ከዛ በኋላ ነው ማንበብና መጠየቅ የጀመርኩት፣ የወንድሜ ልጅ ደሞ ጠበቃ ነች፣ ልደታ ፍርድ ቤት ነው ስትመላለስ የምትውለው፣ እሷን ስንት ቅዳሜ አስቸገርኳት።

መጀመሪያ የጎረቤቴን ጥያቄ ልመልስ። ጥይት በደንቡ ሁለት ዋና ዓይነት ነው ለሽጉጥ። አንዱ እኛ አገር በብዛት የምናውቀው ነው፣ አረሩ እርሳስ ሆኖ ጫፉ ድረስ በመዳብ ወይም በሌላ ብረት የተሸፈነ ድፍን ነው፣ ሰው ሲመታ ቅርፁ ብዙም ስለማይለወጥ በስቶ በሌላ ወገን ይወጣል፣ ወጥቶም ጉልበቱ አያልቅም። ሁለተኛው ጫፉ ላይ የተቦረቦረ ነው፣ አፉ ክፍት ነው፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ እንደ አበባ ይፈነዳና ይሰፋል፣ ስለሚሰፋ ቶሎ ይቆማል፣ ቁስሉም የባሰ ነው። ጎረቤቴ ሰማሁ የሚለው ይሄንን ነው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ1986 ማያሚ ላይ ሁለት ባልደረቦቹ ከተገደሉበት ተኩስ በኋላ ጥይቶችን የሰው ሥጋ በሚመስል ጄላቲን ላይ እየሞከረ መለካት ጀመረ፣ ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ገብቶ የሚቆመውን ነው ጥሩ የሚለው፣ ድፍኑ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ግን ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሄዳል። የኒውዮርክ ከተማ ፖሊስም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ድፍኑን ትቶ ወደ ክፍቱ የተሻገረው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ድፍኑ ተጠርጣሪውን በስቶ አላፊ አግዳሚውን እየመታ ስላስቸገረ።

እና ይሄን ሲሰማ ሰው ታዲያ ክፍቱ ነዋ የሚሻለው ይላል። ቆይ። ይሄ የሚሰራው ጥይቱ ሰው ካገኘ ነው፣ ጎረቤቴ እኮ ሌባውን ስቶታል! የሳተ ጥይት ሰውነት አላገኘም፣ ያገኘው ቆርቆሮ ነው። ደሞ ክፍቱ ጥይት ቆርቆሮና ጭቃ ሲበሳ የተቦረቦረው አፉ በጭቃው በጭዱ ይደፈንና እንደ ድፍኑ ሆኖ መንገዱን ይቀጥላል። ስለዚ መልሱ፣ አይ ወንድሜ፣ ያም ቢሆን የልጁ አልጋ ጋ ይደርስ ነበር ነው። የኛ ሰፈር ግድግዳ ጥይት አያቆምም። አንድ ግድግዳ ለሁለት ቤት ነው የምንጠቀመው፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ የምንለው ከዚህ ሆነን ነው፣ ኮንዶሚኒየምም ቢሆን በመስኮቱና በበሩ በኩል ያው ነው። አዲስ አበባ መሀል ከኢላማህ ጀርባ ሰው የሌለበት አቅጣጫ የለም፣ በተለይ አሁን መንገዱ ሰፍቶ መብራት ገብቶለት ፒያሳና አራት ኪሎ እስከ እኩለ ሌሊት ሰው በልጆቹ ታጅቦ የሚንሸራሸርበት ጊዜ ላይ።

አሁን ወደ ሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ከዛ በኋላ አንድ ቀን ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን ይሄንኑ ስናወራ ከጎናችን የተቀመጠ ጎረምሳ ጣልቃ ገባና ምን ቢለን ጥሩ ነው፣ «ክፍቱን ፍለጋ ምን አደከማችሁ፣ ድፍኑን ወስዶ ጫፉን በሞረድ መሞረድ ነው፣ ያው ነው የሚሆነው» አለ። እንደ ቀልድ ነው ያወራው፣ የሚያውቃቸው ሰዎች እንዳደረጉት ነው የነገረን። ልጄ እንዳታደርገው አልኩት፣ ለምን ሲለኝ ግን ያን ቀን በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም፣ አሁን ልሞክር፣ ምናልባት ያነበው ይሆናል።

አንደኛ፣ የተሞረደ ጥይት ስራው አይታወቅም፣ አፈሙዝ ውስጥ ሽፋኑ ተላቆ ሊቀርና ቀጣዩ ጥይት ሽጉጡን እጅህ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል። ግን ይሄ ትንሹ ነው። ትልቁ፣ ያ ነገር ስም አለው፣ ታሪክም አለው፣ ታሪኩ ደሞ የኛ ነው። ዱምዱም ጥይት ማለት ይሄ ነው። ዱምዱም ካልካታ አጠገብ ያለ ቦታ ነው፣ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ እዛ ባለው የጥይት ፋብሪካቸው ጫፉ ያልተሸፈነ ሰውነት ውስጥ የሚሰፋ አረር ሰሩ፣ ከዛ እ.ኤ.አ. በ1899 ሄግ ላይ መንግስታት ተሰብስበው በጦርነት ላይ እንዲህ ዓይነት ጥይት እንዳይተኮስ ቃል ገቡ። እኛ ደሞ በ1928 ጣሊያን በአይሮፕላን የመርዝ ጋዝ ሲያዘንብብን ለመንግስታቱ ማህበር ያቀረበው ሰበብ ምን ነበር፣ ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ጥይት ተኮሱብን የሚል ነበር። አባቶቻችን በባዶ እግራቸው ተዋግተው በዛ ስም ነው የተከሰሱት፣ ህዝብ በጋዝ ሲቃጠል ማመካኛ የሆነው የአንድ ጥይት ጫፍ ነው። ይሄን የሚያውቅ የኢትዮጵያ ልጅ ሞረድ አንስቶ ጥይት ላይ ይቀመጣል? እኔ አይዋጥልኝም።

በርግጥ የሄጉ ቃል ኪዳን የጦር ሜዳ ነው፣ የሰፈር ሌባን አይመለከትም፣ ለዛ ነው የብዙ አገር ፖሊስ ክፍቱን የሚይዘው፣ ይሄን የወንድሜ ልጅ ደጋግማ ነው ያስረዳችኝ። እንደውም አሜሪካ ውስጥ አገሩ ሁሉ አንድ ህግ የለውም፣ አብዛኛው ግዛት ክፍቱን ይፈቅዳል፣ ኒው ጀርሲ ግን ከቤትህ ወይም ከራስህ ቦታ ውጭ ይዘህ ከተገኘህ፣ ለኢላማ ልምምድና ለአደን ከመሳሰሉት በቀር፣ በራሱ ወንጀል ነው። እና እዛ የሚፈቀድበትም አገር ቢሆን ጥይቱ ፍርድ ቤት ውስጥ ምስክር ሆኖ ሲቆም ታይቷል። አሪዞና ውስጥ ጡረታ የወጣ አስተማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ጫካ ውስጥ በእግሩ ሲጓዝ አንድ ሰው እየጮኸ መጣብኝ ብሎ ተኩሶ ገደለው፣ የያዘው አስር ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ነው፣ ጥይቱም ክፍቱ ነበር። ክፍቱን መያዝ እዛ ህጋዊ ነው፣ ግን ከሳሹ ዐቃቤ ህግ ያንን ጥይት አንስቶ ይሄ ሰው የያዘውን እዩት እያለ ተከራከረበት፣ በ2006 ተፈርዶበት ታሰረ፣ በ2009 ይግባኝ ሰሚው ሻረለትና ወጣ። ሦስት ዓመት እስር ቤት። ሌላ ደሞ ኒው ጀርሲ ውስጥ የራሱን ጥይት ራሱ ባሩድ መጥኖ የሚሞላ ሰው ነበር፣ ሚስቱ በጥይት ሞታ ሲከሰስ ተኩሱ ከስንት ርቀት እንደነበረ በባሩዱ ጥላሸት ይለካልኝ ሲል፣ የፋብሪካ ጥይት ስላልሆነ የእያንዳንዷን ጥይት የባሩድ ልክ ማረጋገጥ አልተቻለም፣ ልኬቱ ሳያድነው ቀረ። እሱ እውነቱን ይናገር አይናገር እኔ አላውቅም፣ ግን ነገሩ ይገባችኋል፣ ያበላሸኸው ጥይት ጥፋተኛ ባትሆንም እንኳን የምትድንበትን ማስረጃ ይበላብሃል።

ያ አሜሪካ ነው፣ የኛስ? እዚህ ጋ ነው የወንድሜ ልጅ ህጉን ከፍታ ያሳየችኝ፣ «ጋሼ፣ እርሶ ራስዎ ያንብቡት፣ እኔ ካነበብኩልዎ አይያዝልዎትም» ብላ መነፅሬን ሰጠችኝ።

የ1996ቱ የወንጀል ህግ አንቀፅ 78 ነው ህጋዊ መከላከል የሚባለው። በኔ አፍ ልበለውና፣ ህገወጥ ጥቃት ሲደርስብህ ወይም ሊደርስብህ አፋፍ ላይ ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልቻልክ፣ ያደረግከውም ነገር ከአደጋው ከጥቃቱ ክብደትና ከምትከላከለው መብት ጋር የሚመጣጠን ከሆነ አትቀጣም ይላል። ለራስህ ብቻ አይደለም፣ ለሌላ ሰውም ብትከላከል ነው። አንቀፅ 79 ደሞ ከመጠን ካለፍክ፣ ማለት የማይመጣጠን መሳሪያ ከተጠቀምክ ወይም አደጋውን ለማስቀረት ከሚያስፈልገው አልፈህ ከሄድክ፣ ቅጣቱ ይቀልልሃል እንጂ ነፃ አይደለህም፣ ጥቃቱ ባመጣው ድንጋጤና ፍርሀት ይቅር በሚያስብል ሁኔታ ያለፍክ እንደሆነ ነው ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊተወው የሚችለው። ሊተወው ይችላል ነው የሚለው፣ ይተወዋል አይልም፣ ይሄን ልዩነት አስምራበታለች።

ይሄንን ወደ ሰፈራችን ስታመጡት ብዙ ሰው የሚያስበው ሁሉ ይፈርሳል። ስልክህን ነጥቆ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል የሚሮጥ ልጅ ጥቃቱን ጨርሷል፣ ጀርባውን ሰጥቶሃል፣ የምትከላከለው መብት ስልክ ነው የምትወስደው ነፍስ ነው፣ ይሄ በየትኛውም ሚዛን አይመጣጠንም። አጥር ላይ ያለ ሌባስ? ገና አልገባም፣ ምን እንደያዘ አታውቅም፣ መብራት ብታበራ ብትጮህ የሚሸሽ ከሆነ «በሌላ መንገድ ማስቀረት አይቻልም ነበር» የምትለው ከየት ታመጣለህ። ቢላ ይዞ መኝታ ቤትህ የገባው ሌላ ነገር ነው። እሱም ቢሆን ከወደቀ በኋላ የምትተኩሳት ሁለተኛዋ ጥይት ከመጀመሪያዋ ጋር አንድ አይደለችም፣ ዳኛው እያንዳንዷን ለብቻዋ ነው የሚጠይቅህ፣ ይቺ ለምን ያቺስ ለምን እያለ።

እዚሁ ሰፈራችን እሪ በከንቱ የሚባል ቦታ አለ አይደል። ትላልቆቹ ሲያወሩልን ድሮ እዛ ጋ በጨለማ ማጅራት መቺ ሰው ሲይዝ እሪ ቢባል የሚደርስ ስለሌለ ነው ስሙ የወጣለት ይላሉ። ያኔ ቢሆን ሌላ መንገድ አልነበረኝም ማለት ይቻል ነበር። ዛሬ ግን እሪ ስትል የሚወጣ ጎረቤት አለ፣ 991 አለ፣ ደንብ አስከባሪው አለ፣ በየሱቁ በር ካሜራ ተሰቅሏል፣ ካሜራው ደሞ ሌባውን ብቻ አይደለም የሚቀርፀው። ፍርድ ቤቱ ይሄን ሁሉ ያውቃል።

ታዲያ ጥይቱ የት ጋ ነው የሚገባው ካላችሁ፣ እኔም ያልኳት ይሄንኑ ነው፣ አንቀፅ 78 ስለ ጥይት ዓይነት አንድም ቃል የለውም። እሷ ግን አንቀፅ 539ን አወጣችልኝ። ከባድ ግድያ የሚባለው፣ እድሜ ልክ ወይም ሞት የሚያስቀጣው ማለት ነው፣ ሰውየው ጨካኝ፣ ነውረኛ ወይም አደገኛ መሆኑን ከሚያሳዩት ነገሮች ውስጥ አስቀድሞ ማሰቡን፣ ምክንያቱን፣ የተጠቀመበትን መሳሪያና ዘዴ ይቆጥራል። መሳሪያና ዘዴ! አንተ በጨለማ ቤትህን ስትከላከል ነበር ብለህ ትቆማለህ፣ ዐቃቤ ህጉ ደሞ ከሽጉጥህ ካዝና የወጡትን ጫፋቸው የተሞረደ ስምንት ጥይቶች ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል፣ ክቡር ፍርድ ቤት ይሄ ሰው የሚከላከል ሰው ሳይሆን የሰው ሰውነት እንዴት አድርጎ እንደሚቀደድ ቁጭ ብሎ ሲያስብበት የከረመ ሰው ነው ይላል። ይሄ ክርክር ይረታል አይረታ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ጠበቃህ ሌላ ሊል ይችላል፣ ግን ያ ክርክር እንዲነሳብህ ያደረግከው አንተ በሞረድህ ነህ። በአንቀፅ 540 ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ፅኑ እስራት ነው፣ በ541 የመከላከልን መጠን አልፎ የገደለ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው፣ በነዚህ መሀል ያለው ርቀት የሰው እድሜ ነው፣ ያንን ርቀት በሞረድ ባትነኩት ይሻላል።

መንገደኛ ቢመታስ? እዚህ ላይ የኔ ሀሳብ ድሮ «ሳላስበው ነው» ካልኩ ያልቃል የሚል ነበር። አያልቅም። ሰው ይመታል ብለህ ሳታስብ ማሰብ ግን ሲገባህ ከሆነ ቸልተኝነት ነው፣ ገድለህ ከሆነ አንቀፅ 543 አለ፣ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ወይም መቀጮ። ይሄ ቀላሉ ነው። ሰው ሊመታ እንደሚችል እያወቅክ የመጣው ይምጣ ብለህ ከተኮስክ ግን አንቀፅ 58 እንደዛ ዓይነቱን ከሀሳብ ጋር ነው የሚቆጥረው፣ ማለት አስቦ እንደፈፀመ ሰው ትጠየቃለህ። አሁን መርካቶ ቀን በስምንት ሰዓት፣ የታክሲ ሰልፍ መሀል፣ ከሌባው ጀርባ ሰው እንዳለ አላወቅኩም የሚል ሰው ማን ያምነዋል። ወደ ሰማይ መተኮሱም ያው ነው፣ እኛ አገር ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት እግዜር ጋ የሚቀር ይመስለናል፣ ይመለሳል እኮ፣ ተመልሶ ደሞ ሰው ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ከወንጀሉም ሌላ ካሳ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ አንቀፅ 2067 በሰው አካል ላይ በራሱ ድርጊት ጉዳት ያደረሰ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል ይላል፣ ህጋዊ መከላከል ከሆነ ግን ነፃ ያደርገዋል። ነገር ግን የተመታው አጥቂው ሳይሆን ዳቦ ልትገዛ የወጣች ሴት ከሆነች፣ እሷ መች አጠቃችህና ነው መከላከል የምትለው ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም፣ የወንድሜ ልጅ እኔ ራሴ እከራከር ነበር ነው ያለችኝ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ስለ ጥይት ግዢ ላንሳ። የ2012ቱ የጦር መሳሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ጥይትንም ይጨምራል፣ ቁጥጥሩን ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቶ ያለፈቃድ መያዙንም መሸጡንም ወንጀል አድርጎታል። ሰው ግን ሽጉጡ ፈቃድ ካለው ጥይቱ ከየትም ይምጣ ይመስለዋል። ከማን እንደመጣ የማይታወቅ ጥይት በጋዜጣ ጠቅልሎ ከሰው የሚቀበል አለ። እሱ ላይ ደሞ አንድ የማያውቁት ነገር አለ፣ ዘጠኝ ሲባል አንድ ዓይነት ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። የማካሮቩ ዘጠኝ ቀለሃው ርዝመቱ 18 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሌላው የፓራቤለሙ 19 ነው፣ አረራቸውም ውፍረቱ አንድ አይደለም፣ የማካሮቩ ትንሽ ይወፍራል። አንዱን ለሌላው ማጉረስ አይቻልም፣ በግድ ልሞክር ያለ ሰው ራሱን ነው የሚጎዳው። በየጊዜው በኮንትሮባንድ ተያዙ ከሚባሉት የቱርክ ሽጉጦች ውስጥ ደሞ መጀመሪያ ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ ተሰርተው በኋላ አፈሙዛቸው የተቀየረ አሉ፣ እነሱ ውስጥ ጥይት መጨመር በእጅህ ላይ ፈንጂ እንደመያዝ ነው። እና ይሄ ሁሉ ሆኖ እውነተኛ ጥቃት ደርሶብህ በትክክል ተከላክለህ ቢሆን እንኳን፣ የተኮስካት ጥይት ፈቃድ የሌላት ከሆነች በመከላከሉ ነፃ ወጥተህ በጥይቷ ትጠየቃለህ።

ያገር ልማድ ሆኖ ሽጉጥ ያለው ሰው ስለ ጥይት ሲያወራ የሚለካው በመግደል ነው፣ ይሄ ይጥላል ያኛው አይጥልም፣ ይሄ በሬ ይጥላል ምናምን። ከአንድም ሰው አፍ ይሄኛው የት ሄዶ ይቆማል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የወንድሜ ልጅ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው ትላለች፣ ምክንያቱም ፍርድ ቤት ዐቃቤ ህጉ ማስረጃውን ጨርሶ ተከላከል የሚል ብይን ከተሰጠብህ በኋላ ምስክርህን ይዘህ ቆመህ የምታስረዳው አንተ ነህ፣ ሌባው አጥር ላይ ነበር፣ እዚህ ጋ ነበርኩ፣ ከጀርባው ይሄ ነበረ፣ ይቺን ጥይት ነው የተኮስኩት፣ ከዚህ ነው የገዛኋት፣ እያልክ። ያኔ ከፋብሪካ እንደወጣች ያለች፣ ፈቃድህ ላይ ካለው ሽጉጥ ጋር የምትሄድ፣ ህጋዊ የሆነች ተራ ጥይት ስትሆን የምታስረዳው ነገር ያንሳል። እኔ ምረጡ ከተባልኩ የምመርጠው ይሄን ነው፣ ሌላ ልዩ ጥይት የሚባል ነገር አያስፈልገኝም።

ደሞ ራሴን ልመርምር። የአባቴን ሽጉጥ ሳጥን ውስጥ ከነጥይቱ አጉርሼ ነበር የማስቀምጠው፣ የልጁ አልጋ ላይ አረሩን ካየሁበት ቀን ጀምሮ ጥይቱን አውጥቼ ለብቻው ቆልፌበታለሁ። ሌሊት ሌባ ቢመጣ አይደርስልህም ያሉኝ አሉ። ይሁን። መብራት አስገብቻለሁ፣ የአጥሩን ቆርቆሮ ቀይሬዋለሁ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር ማን ሲጮህ ማን እንደሚወጣ ተነጋግረናል፣ ያ የተኮሰው ጎረቤቴ ራሱ ነው ሰው አስተባብሮ የግቢውን በር መብራት ያስገጠመው። ሰውየው ከዛ በኋላ ክፍት ጥይት ፍለጋውን ትቶታል፣ ግድግዳችሁን ባየሁ ቁጥር እንቅልፍ እምቢ ይለኛል ብሎኛል።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ ይሄን ነው። ፈቃድ የሚሰጠው አካል ፈቃዱን ሲሰጥና ሲያድስ አንድ ግማሽ ቀን እንኳን ቢሆን የወንጀል ህጉን አንቀፅ 78ና 79 በአማርኛ አስነብቦ፣ ተባራሪ ጥይት የቱ ድረስ እንደሚሄድ አሳይቶ፣ ገብቶኛል ብሎ ሲፈርም ብቻ ቢሰጥ ምን ይጎዳል። መኪና ለመንዳት ስንት ወር ተምረን ፈተና እንፈተናለን፣ መሳሪያ ለመያዝ ግን እኔን ማንም አንድ ጥያቄ ስለ ህጉ ጠይቆኝ አያውቅም፣ ይሄን የምናገረው በራሴ ስለደረሰ ነው። ሁለተኛው ለናንተ ነው፣ ጋዜጣው የህግ አምድ ካለው በዓል ከመድረሱ በፊት፣ መስቀል ሳይመጣ፣ እነዚህን ሁለት አንቀፆች ሙሉ ቃላቸውን አንድ ገፅ ላይ በትልቁ ብታትሟቸው፣ ከጎናቸውም ዳኛ ወይም ዐቃቤ ህግ አግኝታችሁ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት፣ አጥር ላይ ያለ ሌባ፣ የሚሮጥ ስልክ ነጣቂ ምን እንደሚባሉ በህጉ ብታስጠይቁልን። ብዙ ሰው ህጉን አይጥስም፣ አያውቀውም ነው። እኔ እቆርጣትና ካፌው ውስጥ እለጥፋታለሁ፣ ያ ጎረምሳም እዛ ነው የሚውለው።

አክባሪያችሁ፣
ከአራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ